ጋሼ አሰፋ ያቃጠሉት ቺንጋ

የተቃጠለ ጎማ በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ኦክላንድ ወዳደግኩበት ቤት ጋራዥ እመለሳለሁ፣ እናቴም ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የበረዶ መጥረጊያውን ማሽን ቺንጋ፣ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ስትቀይር አያታለሁ። አንዲት ቃል አትተነፍስም ነበር። ያ ዝምታዋ ያኔ ያናድደኝ ነበር፣ አሁንም ያናድደኛል።

ኦክላንድ በረዶ አይጥልም። በሙቀቱ ወራት ማሽኑ አሮጌ አንሶላ ለብሶ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ይቆም ነበር፣ ጎረቤቶቻችንም ጋራዡ ተከፍቶ ሲያዩት ምን ልትጠርጉበት ነው፣ ጭጋጉን ነው ወይ እያሉ ይስቁብን ነበር። አባቴ መልስ አይሰጣቸውም። በአዘቦት ቀን ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ብርዱ ሲገባና የወደቡ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ማሽኑን ፒካፑ ላይ ጭኖ ወደ ታሆ ሐይቅ ተራሮች ይወጣና የሰዎችን የእረፍት ቤት ደጅ ይጠርግ ነበር። ቤታችንን ደግፎ ወደ ጸደይ የሚያሻግረን ያ ማሽን ነበር።

ቅጠሉ ረግፎ የመጀመሪያው በረዶ ተራራው ላይ ወረደ ሲባል ግን፣ ከአባቴ በፊት ጋሼ አሰፋ ይደርሱ ነበር። ጋሼ አሰፋ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ካምቤል ይኖሩ ነበር፣ ስፖንሰር ሆነው ወደዚህ አገር ያመጡንም እሳቸው ናቸው። አሠሪያቸው እዚያው ተራራ ላይ ቤት ስለነበረው ደጁን መጥረግ የሳቸው ኃላፊነት ነበር። በራችን ላይ ቆመው «በቄ፣ ያቺን ማሽን ለአንድ ቀን» ይላሉ፤ አባቴም ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አንሶላውን ይገፍፍ ነበር። ያመጣንን ሰው እንዴት ተብሎ እምቢ ይባላል!

ነገሩ ቀላል ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ቺንጋው ይወጠርና ጎማዎቹን ያዞራል፤ ሲለቁት ቺንጋው ይላላና ማሽኑ ይቆማል። ጋሼ አሰፋ ግን ስስ ብርጭቆ የያዙ ይመስል እጀታውን በግማሽ ብቻ ይጫኑት ነበር። በግማሽ የተወጠረው ቺንጋ ደግሞ ፑሊ በሚባለው ተሽከርካሪ ብረት ላይ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ሲመልሱልን ሽታው ከሳቸው ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። እሳቸው ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ትንሽ ደከም ብላለች» ብለው፣ የመኪና ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ ይሄዱ ነበር። ደከም ብላለች! እንኳን ቺንጋ ሰውም ቢሆን እንደዚያ ተጠብሶ ይደክማል።

ያኔ እናቴ፣ አባቴ ከወደብ ሳይመለስ፣ ልብሷን ቀይራ ጋራዥ ትገባለች። ፍሪሞንት ውስጥ ፋብሪካ ስለምትሠራ እጇ ከብረት ጋር ይግባባል። ብሎኖቹን ፈትታ የላስቲኩን መሸፈኛ ታነሳለች፣ ያረረውን ቺንጋ ከፑሊው ላይ አውልቃ በጋዜጣ ጠቅልላ ከቆሻሻው ሥር ትደብቃለች፣ አዲሱን አስገብታ ኬብሉን ታስተካክላለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ወንድሟ ባሏ ፊት እንዳይቀልባት ነበር።

«ማሚ፣ ዋይ ዶንት ዩ ጀስት ቴል ሂም?» እላት ነበር፣ ለምን ዝም ብለሽ አትነግሪውም ማለቴ ነው። አማርኛ እሰማለሁ እንጂ ምላሴ አይታዘዘኝም ነበር።

«ታላቄን? በምን አፌ?» ትለኝ ነበር።

ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ አንድ የብርድ ወቅት ላይ እናቴ ዘዴ ያገኘች መሰላት። ጋሼ ማሽኑን እንደ ልማዳቸው አቃጥለው መልሰዋል፣ አባቴ በማግስቱ ማለዳ ወደ ተራራው ይወጣል። ቺንጋውን ከቀየረች በኋላ ፒንሳውን ይዛ ለራሷ ስታወራ ሰማኋት፤ «ጋሼ እንደሁ እጀታውን አጥብቆ አይዝም። እኔ ኬብሉን ላጥብቀው።» በግማሽ መጫንም እንዲበቃው፣ ኬብሉን ከልኩ በላይ ሳበችው። ሰውየውን ማረም ሲያስፈራ ማሽኑን ለሰውየው ጥፋት ማስተካከል! እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከልኩ በላይ የተሳበ ኬብል እጀታው ሲለቀቅም ቺንጋውን አያላላውም። አባቴ በማግስቱ አንድ ቁልቁለት ደጅ ላይ ማሽኑን ወደ ኋላ እየመለሰ ሳለ፣ ይቆማል ብሎ እጀታውን ለቀቀው፤ ማሽኑ ግን መምጣቱን ቀጠለና ከድንጋይ ደረጃ ጋር አጣብቆ የቀኝ ጉልበቱን ሰበረው። እናቴ ሆስፒታል አልጋው ሥር ተቀምጣ፣ እያለቀሰች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። እሱም እጇን ይዞ ምን አላት መሰላችሁ? «ይቅር፣ አንቺ። ብቻ ጋሼ እንዳይሰሙ።»

ጸደይ ሲገባ አባቴ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ወደ ከባድ መኪናው መሪ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ጋሼ አሰፋ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡና ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ «አልማዝ፣ እኔ ስመልሳት እኮ ደህና ነበረች። ምን ነካካችኋት?» አሏት። እናቴ ወለሉን አየች። አባቴ ጣሪያውን አየ። እኔ ግን ፊታቸው ቆሜ «ዩ በርንድ ዘ ቤልት! ኤቭሪ ዪር!» ብዬ፣ ቺንጋውን በየዓመቱ ያቃጠሉት እሳቸው መሆናቸውን በእንግሊዝኛ ጮህኩ።

ጋሼ አሰፋ ሳቁ። «ይቺን ልጅ አማርኛ አስተምሯት እንጂ፣ ምን እንደምትል እንኳ አይገባኝም» አሉ። አባቴ አብሯቸው ሳቀ፣ እናቴም ምግብ ልታቀርብ ተነሳች።

ሌላው አማርኛን በፍቅር ይማራል፤ እኔ በእልህ ነው የተማርኩት። በዚያው ሰመር የቤተክርስቲያናችንን የቅዳሜ ትምህርት አንድ ቀን አላጓደልኩም፣ ፊደሉን ቆጥሬ ስጨርስ በልቤ የማዘጋጀው ንግግር ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። አንቱታውን ሳላጓድል እንዴት እንደምቆጣ ሳስብ ዓመታት አለፉ።

ቃሉ የወጣው አምና ነው። አባቴና እናቴ አሁን ሳን ሆዜ አብረውኝ ይኖራሉ፣ ጋሼ አሰፋም ከዘራ ይዘው አልፎ አልፎ ይመጣሉ። በጨዋታ መሃል «ያቺ ማሽን ጉድ ሠራችን» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። «ጋሼ፣ እጀታውን በግማሽ እየያዙ ቺንጋውን በየዓመቱ ያቃጥሉት የነበሩት እርስዎ ነዎት። እናቴ ኬብሉን ያጠበቀችው ለእርስዎ እጅ እንዲመች ብላ ነው። የአባቴ ጉልበት የተሰበረው በዚያ ነው» አልኳቸው።

ጋሼ እናቴን አዩ፣ የአባቴን ጉልበት አዩ፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እስከ መጨረሻው ነበር እንዴ የሚጫኑት?» አሉ። ከዚያም «ታዲያ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም ነበር?» አሉ።

ያን ሁሉ ዘመን ያጠራቀምኩት ንዴት የሚያርፍበት አጣ። ወደ እናትና አባቴ ዞርኩ። አባቴ «ሻይ ጨምሪላቸው» አለኝ።

ያኔ በቤታችን ቺንጋ የሚቀይር እጅ ነበረ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚናገር አፍ ግን አልነበረም። ዛሬ መኪናዬንም ሆነ መሰላሌን ለሚዋሰኝ ሁሉ፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ አያያዙን በር ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ፤ እናቴ በኔ አፍራ ወደ ጓዳ ትገባለች። አባቴ ግን የደጃችንን ደረጃ አንድ እግሩን እያስቀደመ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይሰማኛል፤ አንድም ቀን «ተይ» ብሎኝ አያውቅም።