ዓርብ ዓርብ በየደጃችን ይዞሩ የነበሩት አጎታችን

አጎታችን የምኩራባችን ቄስ ነበሩ። ደብረ ታቦር የቀረነው ቤተ እስራኤል ጥቂት ስለሆንን፣ በሰንበት እሳት አይነድምና መጥፋቱን ለማየት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሁላችንንም ደጅ ያዳርሱ ነበር። እኔ ልጆቼን ይበርዳቸዋል ብዬ እሳቱን አቆየዋለሁ። እሳቸውም በትራቸውን ተደግፈው ደጃፌ ላይ ይቆሙና፣ "አንቺ ፈሪ፣ ዛሬም አላጠፋሽውም? ሰንበት እኮ ገባች! ልጆቹን ጋቢ ደርቢላቸው" ይሉኛል። ምድጃው እስኪጠፋ ንቅንቅ አይሉም።

አምና ኮሚቴው ስለ ምኩራቡ የወደፊት ሁኔታ ሊመክር ተሰበሰበ። እሳቸው ግን፣ "አባባ፣ ስለ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ አንቱ ይረፉ" ተባሉ። ይህን ያላቸው ሰብሳቢው ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደጉትም፣ ኦሪት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። በሰንበቱ ለጸሎት ሲገቡ በቦታቸው ሌላ ወጣት ቄስ ቆሞ አገኙ። ሄደው ከኋላ፣ ከሰው መካከል ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ አልዞሩም። ክረምቱ ሳይወጣም አረፉ።

አዲሱን ቄስ አልወቅሰውም፤ ልጆቼን ዕብራይስጥ ያስተምርልኛል። ዓርብ ሲመሽ ግን ጆሮዬ ደጅ ደጁን ነው። የሚቆጣኝ ስለሌለ እሳቱን በጊዜ አጥፍቼ እቀመጣለሁ።

በተዝካራቸው ቀን ወንድሜን፣ "በቦታዎ ሌላ ቄስ ልናቆም ነው ብለህ ፊት ለፊት ብትነግራቸው ምን ይሉህ ነበር?" አልኩት።

"'እሺ ልጄ' ይሉኝ ነበር" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ይህን እያወቀ ነው የደበቃቸው።