ከስግደት ያልመጣው እብጠት

አባቴ በኮልፌ ሰፈራችን እንደ ጻድቅ ይታይ ነበር። ጉልበቱና ክርኑ ላይ ጠጠር ያሉ ቢጫ እብጠቶች ስለነበሩት፣ ሰው ሁሉ ከስግደት ብዛት የወጡ ይመስለው ነበር። እኛ ግን ከቅዳሴ ይልቅ እንቅልፍ እንደሚወድ እናውቃለን። «በጸሎትዎ ያስቡን» ሲሉት «እሺ» ይላል እንጂ አያስተባብልም።

ጣልያን መንገድ ሲሠራ አባቴ ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ገባ። ሠራተኞቹን የሚመረምረው ጣልያን ሐኪም ከአባቴ ተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ዳሰሰና ወፍሮ ቢያገኘው ግራ ገባው። በማግስቱ ከአስተርጓሚው ጋር ደጃችን ድረስ መጣ። እናቴ ሊያስሩት ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«አባትዎ በምን ሞቱ?» አለው አስተርጓሚው አባቴን።

«በሬ ሲጠምድ ክልትው አለ። ጠጉሩ እንኳ አልሸበተም ነበር። ታላቅ ወንድሜም እንደዚያው። ቡዳ ነው አሉ።»

ሐኪሙ ሌላ ዘመድ ካለ ይጠራ አለ። ጎረቤታችን የነበረችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ መጣች። ከቄሱ ጋር ተጣልታ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል። እጅጌዋን ስትሰበስብ ክርኗ ላይ ያው እብጠት!

«ለካ እኔም ጻድቅ ነኝ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ቀጥሎ ሐኪሙ የእኔን ተረከዝ ዳሰሰ። የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሦስታችንም ደም ቀድቶ ሄደ።

በሳምንቱ ተመለሰ። «የሦስታችሁም ደም ውስጥ ያለው ስብ ከልክ በላይ ነው፤ እብጠቱም ከዚያ የመጣ ነው» አለ በአስተርጓሚው። «በዘር የሚወረስ ነው። አንዱ ልጅ ሲወርሰው ሌላው ሊያመልጥ ይችላል። የልብን ደም ሥር ይዘጋል።»

«መድኃኒቱስ?» አለ አባቴ።

«የለውም። ቅቤና ጮማ ይቀንሱ።»

አክስቴ «ቅቤ ከሌለ ምኑን ኖርኩት!» ብላ ሳቀችበት። በሁለተኛው ክረምት ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ያን ጊዜ ከቤታችን ሳቅ ጠፋ። አባቴ ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ቅቤ አልቀመሰም፤ ሸብቶ፣ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፎ ለማየት በቃ።

እኔ መድኃኒቱን ያገኘሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ሐኪሟ ልጆችሽም ይመርመሩ ስላለችኝ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ወንዱ ነፃ ሆነ፤ ሴቷ ላይ ተገኘ። አሁን ኪኒኗን ከእራት በኋላ ትውጣለች። ስትረሳ ደውዬ እጮኽባታለሁ።