የእማማ ኒና ጄኔራል

ልጅ ሳለሁ ጀግና ብዬ የማምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አይቼው የማላውቀው የሶቪየት እግረኛ ጦር ጄኔራል ነው። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ ዓመታት፣ አባቴ ምህንድስና ሊማር ስቶክሆልም መጥቶ፣ እናቴና እኔም ተከትለነው ከተማው ዳር ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ሆስፒታል ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የምጠብቃት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ፣ እማማ ኒና ዘንድ ነው።

እማማ ኒና የሩስያዋ ከተማ የፔትሮግራድ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ አብዮቱ አገሩን ሲያናውጠው፣ ከባላቸው ጋር በረዶ የሆነውን ባሕር በእግር ተሻግረው ወደ ፊንላንድ፣ ከዚያም ወደ ስዊድን ተሰደዱ። እኛ ስንተዋወቃቸው ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም።

በብርዱ ወራት ገና ከትምህርት ቤት ሳልወጣ ይጨልማል። እሳቸው ደግሞ መብራት ቶሎ ማብራት አይወዱም። ሳሎናቸው ጥግ ላይ በነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ምድጃ ነበር፤ በርች የሚባለውን ነጭ ልጥ ያለው ዛፍ እንጨት ይጨምሩበትና የብረት መዝጊያውን ገርበብ አድርገው ይተዉታል። የፍሙ ብርሃን ከፊታቸው ግማሹን ብቻ ያቀላዋል፤ ልጡ ሲቃጠል የሚወጣው መረር ያለ ጭስ ሹራባችን ውስጥ ስለሚቀር እናቴ ማታ አሽትታኝ «ዛሬም ምድጃው ሥር ነበርሽ» ትለኝ ነበር። ወሬያችን በስዊድንኛ ነው። የእሳቸው ስዊድንኛ እንደ እናቴ ስዊድንኛ የተሰባበረ ስለነበር ከአስተማሪዬ ንግግር ይልቅ እሱ ይቀርበኝ ነበር።

የሚያወሩልኝ ሁሉ ስለ ታናሽ ወንድማቸው ስለ አልዮሻ ነው። እናታቸው ሲሞቱ አልዮሻ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር «አዝዬ ነው ያሳደግኩት» ይሉና ጀርባቸውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ጢሙ ሳያቀመቅም ከአብዮተኞቹ፣ ከቀዮቹ ጦር ጋር ዘመተ፤ የተሰጠው ቦት ጫማ ስለሰፋው ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀውለት ነበር የሸኙት። የእማማ ኒና ባል ግን አብዮቱን ከሚወጉት ከነጮቹ ወገን ስለነበሩ፣ እሱ ወደ ጦር ሜዳ፣ እሳቸው ወደ ስደት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ከዚያ በኋላ ያለውን የሕይወቱን ታሪክ ከፊሉን ቤተ መጻሕፍት ሄደው ከሚያነቧቸው የሩስያ ጋዜጦች፣ ከፊሉን ደግሞ በሱ ሥር ተዋግቶ፣ ተማርኮ፣ በመጨረሻ ስቶክሆልም ከቀረ አንድ ወታደር ሰምተዋል። የጎደለውን ናፍቆታቸው የሞላው ይመስለኛል።

አልዮሻ ከተራ ወታደርነት ተነስቶ ሻምበል መራ፣ ሻለቃ መራ፣ የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ቀጥሎ ሰው ሰውን የሚፈራበት ዘመን መጣና አንድ ንጋት ከቤቱ ወሰዱት። ለምን እንደተከሰሰ እማማ ኒና አያውቁም፤ ወታደሩ የነገራቸው ከእስር ሲወጣ የፊት ጥርሶቹ እንዳልነበሩ ብቻ ነው። ከጀርመን ጋር ጦርነት ሲቃረብ አዛዥ ስላነሰ ከእስር ቤት አውጥተው ክፍለ ጦር ሰጡት። በመጀመሪያው መጸው ጫካ ውስጥ ተከበበ፤ የክፍለ ጦሩን ሰንደቅ ዓላማ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ የተረፉትን ሰዎች አስከትሎ በእግሩ ወጣ። «እግረኛ የሚመራ ሰው በእግሩ ይሂድ» ብሎ መኪና እንቢ ይል ነበር አሉ። ከሁሉ የምወደው ግን ከወታደሮቹ ጋር አንድ ትልቅ ወንዝ በግንድ ታንኳ የተሻገረበትን ታሪክ ነው።

«የተሻገሩት ሰዎችስ ከዚያ ምን ሆኑ?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

እንጨቱን በብረት ዘንግ ገፋ አደረጉት። «ብዙዎቹ ሞቱ። እሱ ጄኔራል ሆነ» አሉኝ።

በአንድ የፀደይ ቀን እማማ ኒና ጋዜጣ ይዘው፣ ጫማ ሳያደርጉ፣ ወደ እኛ ቤት ወጡ። ከሶቪየት ኅብረት ጡረታ የወጡ የጦር ሰዎች ለጉብኝት በመርከብ ይመጣሉ፤ ከስማቸው ዝርዝር መሀል የአልዮሻ ስም አለ። እናቴ አቅፋ ሳመቻቸው። እሷ ሥራ ስለነበራት እኔ አብሬያቸው ሄድኩ። እማማ ኒና ጎመን የተሞላ ዳቦ ጋግረው በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ልጅ ሆኖ የሚወደው እሱን ነው።

ወደቡ ላይ ነፋሱ ከባድ ነበር። ከመርከቡ የወረዱት ሽማግሌዎች ሁሉም ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፤ ከመሀላቸው ሰንደቅ ዓላማ ወገቡ ላይ የሚጠመጥም የሚመስል አንድም አላየሁም። እማማ ኒና ግን አንዱን፣ አጭርና ጎበጥ ያለውን፣ ወዲያው ለዩት።

«አልዮሻ!»

ሰውዬው ቆመ። አጠገቡ ያለው ወጣት ሰው፣ አጃቢ ይሁን አስተርጓሚ አላውቅም፣ ቀና ብሎ እሱን እንጂ እሳቸውን አላየም። ጄኔራሉ ኮፍያውን አወለቀ፣ በሩስያኛ ጥቂት ቃል ተናገረ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ኮፍያውን መልሶ ሊያደርግ ሲል እጁ ስቶት ኮፍያው ጆሮው ላይ አረፈ፤ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ወደሚጠብቃቸው አውቶቡስ ገባና ከወዲያኛው ወገን፣ እኛ በማንታየው መስኮት በኩል ተቀመጠ። እማማ ኒና አውቶቡሱ እስኪሄድ ዳቦውን እንደያዙ ቆሙ።

ባቡር ውስጥ ነው የጠየቅኋቸው። «ምን አለዎት?»

«‹ተሳስተዋል እመቤቴ፤ እኔ አንዲት እህት ነበረችኝ፣ በረሃቡ ዘመን ሞታለች› አለኝ።» ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «‹እርስዎ› አለኝ። አፉን ያስፈታሁት ልጅ ‹እርስዎ› አለኝ።»

በእኛ ቤት አንቱታ ክብር ነው፤ ሰውን ከቤት ሊያስወጣ እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

«እጁ ግን ተንቀጥቅጧል፤ አይቻለሁ» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ነው። የሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

ባቡሩ አንድ ድልድይ ካለፈ በኋላ፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «እህትህ ውጭ አገር ናት ብለው ይሆን ያሰሩት? ጥርሶቹ የረገፉት በኔ ሰበብ ይሆን?» አሉ። ዳቦውን ፈትተው ሰጡኝና «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ። ርቦኝ ስለነበር በላሁ።

ከዚያ ወዲያ አልዮሻን አላነሱም። ምድጃውም ይነዳል፣ እኛም እንቀመጣለን፤ ወሬ ግን የለም። አንድ ማታ እኔው ጀመርኩላቸው፤ ጫካውን፣ ወንዙን፣ ታንኳውን፣ ከሳቸው እንደሰማሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ጦርነቱን ጨርሼ፣ ጄኔራሉ እህቱን ሊፈልግ መርከብ የሚሳፈርበት ጋ ስደርስ ግን እጄን ያዙኝ። «እዚያ ላይ አቁሚ፣ ልጄ» አሉኝ። አቆምኩ። በሚቀጥለው ብርድ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከቄሱ ሌላ የቆምነው እኛ ብቻ ነበርን።

ዛሬ የእሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። የወንዙ ስም ጠፍቶኛል፣ ጦርነቶቹም እርስ በርስ ተደበላልቀውብኛል። አብሮኝ የቀረው፣ ሰው እህቱን ዓይን ለዓይን እያየ «ሞታለች» የሚልበት ዘመን መኖሩን ማወቄ ነው። ለረጅም ጊዜ የሩስያ ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ በእኛም አገር አብዮት መጣ። አባቴ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ አጎቴ ክፉ ወሬ ሰምቶ፣ ስንት ቀን ሞክሮ አዲስ አበባ ስልክ ገባለት። እኔም አጠገቡ ስለነበርኩ የአጎቴን ድምፅ ሰማሁት፤ ጥርት ብሎ ነው የመጣው። «እንዲህ የሚባል ወንድም የለኝም፣ ጌታዬ» ብሎ ዘጋው።

አባቴ መነጋገሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እናቴ ከወጥ ቤት «አገኘኸው?» ብላ ስትጠራ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ቁጥር ተሳስቼ ነው» አላት።