አራት ቀን በጓንግዡ

እዚህ አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ትራፊክ ካልያዘ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዞ ድልድዩን መሻገር ብቻ። እኔ ግን ያንን ድልድይ ሳልሻገር አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የምሻገርላት ሰው በሩን ዘግታብኝ ነበርና። ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይናፈቃል ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔ ናፍቄያለሁ። የማስታምማቸው አሮጊት ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፉ ስልኬን አወጣና ቁጥሯን አየዋለሁ፤ ከዚያ መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ጓደኛዬ ነበረች። የተዋወቅነው በአማርኛ በሚመለክበት ቤተ ክርስቲያናችን ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ካሸር ሆና ትሠራለች፤ ስንት ዓመት ወረቀት ስታመላልስ ቆይታ ያመጣቻቸው ሽማግሌ አባቷም አብረዋት ይኖራሉ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው፤ የኔ እናት ያለችው ናዝሬት ነው። ሁለታችንም ባል አልበረከተልንም፣ ሁለታችንም ምላሳችን ስለታም ነው፣ ስለዚህ ተስማማን።

እኔ ነኝ ኳየር ውስጥ ያስገባኋት። የቤተ ክርስቲያን ኳየር አይደለም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ምድር ቤት የሚሰበሰቡ ሠላሳ ያህል ሴቶች ናቸው። ካሜሩን፣ ኤልሳልቫዶር፣ ፊሊፒንስ፣ ያልመጣንበት አገር የለም። መሪያችን ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። ከየአገራችሁ አንዳንድ ዜማ አምጡ ስትለን፣ ጓደኛዬ አባቷ እሷን ያሳደጉበትን እሹሩሩ አመጣች። እናቷ በወሊድ ስለሞቱ ያሳደጓት አባባ ናቸው፤ በጀርባቸው አዝለው። ወንድ ልጅ ሕፃን ሲያዝል ያየ የሰፈር ሰው በአጥር እየተንጠራራ ይስቅባቸው ነበር አሉ። ቃሉንም ዜማውንም እንደሆነላቸው ከራሳቸው ነው ያወጡት።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ይህን ሰምተው አስጠሩን። አባባም አብረውን መጡ።

«ዘፈን ነው መዝሙር?» አሉ ጋሼ።

«የልጅ ማባበያ ነው፣ ጋሼ።»

«ለእግዚአብሔር ካልሆነ ዘፈን ነው።»

አባባ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና፣ «ሰይጣን እሹሩሩ ሰምቶ አይመጣም፤ ከመጣም እንቅልፍ ይወስደዋል» አሉ። ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ነገሩም በዚያው ታለፈ።

መሪያችን ያንን ዜማ ስንዘምር ቀርጻ ላከችውና ቻይና፣ ጓንግዡ በሚባል ከተማ ለሚደረግ ዓለም አቀፍ የዘፈን ውድድር ተጋበዝን። ጓደኛዬ አመነታች፤ አባባ ስኳር አለባቸው። ተቆጧት። «እኔን ስትጠብቂ ልታረጂ ነው። ሂጂና ዝፈኚ!» አሏት። የጋሼ ባለቤት ምግባቸውንና መድኃኒታቸውን ሊከታተሉ ቃል ገቡ። እኔም አሜሪካ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ እረፍት ወሰድኩ።

ጓንግዡ ከአውሮፕላን ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ከተማው መጨረሻ የለውም። ባቡር ጣቢያው ሁሉ አፋቸውን ከፍተው በሚዘምሩ ሰዎች ሥዕል ተሸፍኗል፤ ከየአገሩ የመጣው ኳየር በባህል ልብሱ ሆኖ በየአሳንሰሩ በር ይጋፋል። አሜሪካ የሚል ሰሌዳ ይዛ እንድትመራን የተመደበች ልጅ እኛን አየችን፣ ሰሌዳዋን አየች፣ እንደገና እኛን አየችን። ጓደኛዬ በሳቅ ሞተች። አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሰጡን። ከመስኮቱ ሥር ሰፊ ወንዝ አለ፤ ጀልባዎቹ ሲመሽ እንደ ገና ዛፍ ይበራሉ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ምንም ያልቀረን ሴቶች አልጋ ላይ እየዘለልን ፎቶ ተነሳን። ሰዓትና ሺፍት የሌለበት፣ ሁለታችን ብቻ የሆንንበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረንም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ማክሰኞ፣ እሷ ሻወር እየወሰደች ሳለ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ሻወር ላይ ናት። ምነው ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«ቁጭ በይ። አባቷ አረፉ። እዚህ ገና ሰኞ ማታ ነው፤ ራት ቀርቦላቸው ሳለ ነው የወደቁት፤ ሆስፒታል አደረስናቸው፣ አልተረፉም። አስከሬኑን እናቆየዋለን፣ ሳትመጣ አይቀበርም። አንቺ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ቲኬታችሁ የግሩፕ ነው፣ ቼንጅ አይደረግም ብለውናል። በሰው አገር፣ በመንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። ስትገቡ እኛው እናረዳታለን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ከሻወር ወጥታ ጸጉሯን እያደረቀች፣ «ማን ነው?» አለችኝ።

«ጋሼ ናቸው። ደህና ገባችሁ ወይ ለማለት ነው።»

«አባዬስ?»

«ደህና ናቸው።»

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የኔ ዶሮ ማታ ግን ከጠዋቱ ጀመረ። ቁርስ ላይ የሩዝ ገንፎውን በቾፕስቲክ ለመብላት ስትታገል ሳቅኩባት። ከምር ሳቅኩ። አሁንም የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ እያወቅሁ መሳቅ መቻሌ።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ጋ ልደውል ብላ የስልክ ካርዷን ፈለገች። አልነበረም፤ እሷ ጫማዋን ስታስር ከቦርሳዋ አውጥቼ ፍራሼ ሥር ከትቼዋለሁ። ክፍሉን ገለባበጠችው። ጭራሽ «ድሮም ዕቃ መያዝ አታውቂም!» ብዬ ተቆጣኋት። «እውነትሽን ነው» አለችና ተወችው። ጋሼ ደህና ናቸው ብለዋላ።

ረቡዕ ደግሞ ሽሮ አማረኝ አለች። ሰሌዳ ያዥዋ ልጅ የአፍሪካ ነጋዴዎች የሚበዙበት ሰፈር እንዳለ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም እንደማይጠፋ ነግራታለች። የሀበሻ ወሬ ከአውሮፕላን ይቀድማል፤ እዚያ ቤት ስንገባ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለው አንድ ሰው ተነስቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ቢላትስ? ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ሽሮዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ዝንጅብል አምጥታ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችልኝና ግንባሬን እየዳበሰች ጸለየችልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎቷን ተቀበልኩ፤ ከዚያ በላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ የሚነግረኝ የለም።

ሐሙስ ገበያ ወጣን። አንድ ሱቅ ፊት ቆመችና አንገቱ ቆሞ በጨርቅ ቁልፍ የሚቆለፍ ሰማያዊ ጃኬት ዓይኗ ገባ።

«አባዬ እሑድ ሲለብሰው ይታየኛል። ቁመታችሁም ትከሻችሁም አንድ ነው፤ እስቲ ልበሺው» አለችኝ።

ለበስኩት። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ እሷ ዙሪያዬን እየዞረች ትከሻውን ትስባለች፣ እጅጌውን ትለካለች። «እንደ እሱ ትንሽ ጎበጥ በይ» አለችኝ። ጎበጥ አልኩ። «በቃ፣ ልክ ነው» ብላ አጨበጨበች። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ፊቷ እንዲያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ «ቀለሙ ያምርባቸዋል» አልኳት።

ዓርብ ተራችን ደረሰ። አዳራሹ ስንት ሺህ ሰው እንደሚይዝ አላውቅም፤ መብራቱ ዓይን ስለሚወጋ ሰው አይታይም። ጓደኛዬ ከፊት ብቻዋን ቆመች፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። መሪያችን እጇን ስታነሳ እሷ የአባቷን እሹሩሩ ጀመረች። ስድስት ዓመት አብሬያት ስዘምር እንደዚያን ቀን ዘምራ አታውቅም። ቀስ ብላ፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ያለ ይመስል ከወገቧ ወዝወዝ እያለች። እኛ መቀበል የሚገባን ቦታ ሲደርስ ሌሎቹ ተቀበሉ፤ የኔ ድምፅ እምቢ አለኝ። አፌን ብቻ እየከፈትኩ እየዘጋሁ የማጅራቷን ጸጉር አየሁ። ማልቀስ የነበረባት እሷ ነበረች፣ እሷ ግን ትዘምራለች፤ አልቃሿ እኔ። ያ ሁሉ ሰው ተነስቶ አጨበጨበልን። ሦስተኛ ወጣን። ከመድረክ ስንወርድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና፣ «አባዬ ይህን ቢያይ!» አለችኝ።

ቅዳሜ ተሳፈርን። ዳለስ አየር ማረፊያ ስንደርስ ጋሪውን የምትገፋው እሷ ነበረች፤ ጃኬቱ እንዳይጨማደድ ከላይ አድርጋዋለች። በሩ ተከፈተ። ጋሼ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። ጓደኛዬ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እነሱ አልሮጠችም፤ ዞራ እኔን አየችኝ። ፊቴን አነበበችው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

አባባን ቀበርን። በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ መኝታ ቤት ጠርታኝ በሩን ዘጋች።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«ማክሰኞ።»

ቀኖቹን አንድ በአንድ እየሄደችባቸው መሆኑ ገባኝ።

«ካርዱን አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጃኬቱን አልብሼሽ ስዞርሽ?»

«አውቅ ነበር።»

«ሞቶ አዘፈንሽኝ» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም።

መልስ አላጣሁም፣ እኔ መቼ መልስ አጥቼ። መርዶ እንዲህ የሚደረግ ባህል እኔ ያመጣሁት አይደለም፣ ሽማግሌ ያዘዘኝን ነው ያደረግኩት፣ ብነግርሽስ ምን ትሆኚ ነበር አልኳት። እሷ ግን «ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ፤ በንዴት።

ንዴቱ ስድስት ወር ያህል አገለገለኝ። ስደውል አታነሳም፣ ቤተ ክርስቲያን በሌላ በር ትወጣለች፣ ኋላም ቤቷ አጠገብ ወዳለ ሌላ ጉባኤ ተዛወረች። እኔም ኳየሩን ተውኩ። ሰዎች «ተዪያት፣ ሐዘን ነው፣ ይበርድላታል» ይሉኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ሁሉ፣ ለሷ ሳይሆን ለኔ ጠራልኝ። ጋሼ ባያዙኝም ኖሮ አልነግራትም ነበር። ብነግራት ያ ክፍል፣ ያ ወንዝ፣ ያ የሁለታችን ሳቅ በዚያው ያበቃል። በሕይወቴ አራት ቀን ደስታ ባገኝ አልለቅም ብዬ ነው። የሷን ለቅሶ ሰርቄ ለራሴ ሽርሽር አደረግኩት። ይህን ልነግራት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ፣ እንደገና ጽፌ እንደገና ቀደድኩ። ድልድዩ ጋ ደርሼ የተመለስኩበትም ቀን አለ።

ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። የቤት ኪራይ ቢሮ ሰው መስሎኝ በሻሽ ወጣሁ። እሷ ናት። የመኪና ማቆሚያውን ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ ስሟ የተጻፈበትን ባጅ እንኳ ሳታወልቅ። ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷም ያዘችኝ፤ አጥብቃ ያዘችኝ። ጎትቼ አስገባኋት፣ ሶፋው ላይ ያለውን ልብስ መሬት ጣልኩት፣ ምን ልስጥሽ፣ ከስተሻል፣ ውሃ፣ ሻይ፣ እያልኩ እንደ ሕፃን ተንቀዠቀዥኩ። ሳቅሁም። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ጓንግዡም ቢሆን። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም ያ ደስታ የተሰማኝ በየትኛው ቀን እንደሆነ ሰው ቢሰማ ያፍርብኛል።

«ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። አልቀመጥ ስል እጄን ያዘችና ራሷ አስቀመጠችኝ።

«እናትሽ ትናንት ናዝሬት አርፈዋል» አለችኝ። «እህትሽ ለጋሼ ደውላለች። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሊነግሩሽ ተስማምተው ሴቶቹን ጠሩ፤ የድሮ ጓደኛሽ ነኝና ለእኔም ደወሉልኝ። እኔ ግን እስከ ቅዳሜ ሳታውቂ ስትስቂ እንድትውዪ አልፈለግኩም።»