በቁርበት ላይ የተገኘው አንበሳ

በደርግ ጊዜ ቆቦ የተመደብኩት የዱር አራዊት ባለሙያ ሆኜ ነው። ሥራዬ በራያ ቆላ አንበሳ፣ ነብርና ጅብ የት የት እንዳሉ፣ እየበዙ ይሁን እያለቁ ማጣራት ነበር። ሴት ልጅ አንበሳ ፍለጋ መውረዷ ለቢሮው ሰው መሳቂያ ሆነ። «ዛሬስ አንበሳው አነጋገረሽ?» እያሉ ሲያላግጡብኝ ጫማዬን አጥብቄ አስሬ እወጣለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም የምታማኝ በዚሁ ነው።

ቀልዱ ያበቃው መርዝ የመጣ ዕለት ነው። ከዞብል ተራራ ሥር ያሉ ገበሬዎች ጅብ ከብታችንን ፈጀው ብለው አቤት ስላሉ፣ ሥጋ ውስጥ እየተደረገ በየጫካው የሚጣል መርዝ ተላከ። መርዝ ደግሞ ጅብን ከአንበሳ አይለይም። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ተከራከርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ግን ያስፈራዋል።

«ጓዲት፣ አንበሳ መኖሩን በማስረጃ ካሳየሽኝ አስቆመዋለሁ። በወሬ ግን አልችልም» አለኝ።

ወረድኩ። በመጀመሪያው መንደር አንበሳው ከፍየሉ በልጦ ጠበቀኝ። ማታ ያገሳል፣ ጠዋት ያገሳል፣ ምንጭ ላይ ከሴቶች ጋር ይጋፋል። ለካስ አንበሳ ለበዛበት መንደር መንግሥት ጠመንጃ ያድላል የሚል ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ወደሚቀጥለው መንደር ስሻገር ደግሞ አንበሳን በስሙ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። እነዚህ የሰሙት ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ በአንበሳ አሳብባ የተደበቀ ጠመንጃ ልትለቅም መጣች ተብሏል። በየደጁ «አላየንም» ሲሉኝ ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። ያም ሆኖ ባዶ እጄን ቆቦ አልመለስም ብዬ ቁርጤን አደረግሁ።

ዘዴውን ያገኘሁት እዚያው መንደር አንድ ደጅ ላይ አረፍ ብዬ የሰዎች ክርክር ስሰማ ነው። የሚከራከሩት አንዲትን ጊደር ማን ባርኮ እንዳረዳት ነበር። እዚያ አገር እስላምና ክርስቲያን ተጎራብተው ይኖራሉ። አውሬ የጎዳው ከብት ሳይሞት ይታረድና ባለቤቱ እንዳይጎዳ ጎረቤት ሥጋውን ይካፈለዋል። ማን እንደሚበላው የሚወሰነው ግን በባረከው ሰው ሃይማኖት ነው። ስለዚህ ካራውን ማን እንደያዘ ማንም አይረሳም።

ከዚያ ወዲያ ስለ አንበሳ መጠየቁን ተውኩት። «በቅርቡ የተጎዳ ከብት የባረከ ማነው?» ስል የማይመልስልኝ የለም። እየተሻሙ ይነግሩኛል፤ እኔም የከብቱ ባለቤት ቤት ሄጄ መደብ ላይ የተነጠፈውን ቁርበት አያለሁ። ጅብ ከብትን የሚይዘው ከኋላ ነው፤ አንበሳ ግን አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ወደ መጀመሪያው መንደር ተመልሼ ያየሁት ቁርበት በሙሉ ከኋላ የተዘነጠለ ነበር። ያ ሁሉ አንበሳ ጅብ ሆኖ ቀረ።

«አላየንም» ያሉኝ ዘንድ፣ የዚያች ጊደር ቁርበት አንገቱ ላይ ተበስቷል። ቀዳዳዎቹን በጣቴ ለካሁ። የነብር ጥርስ ቢሆን ይቀራረቡ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«እሾህ ወግቷት ነው፣ እህት ዓለም» አለኝ ባለቤቱ።

«እሾሁ መንጋጋ አለው እንዴ?» ስለው ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ስለ መርዙ ነገርኩት። ውሾቹም እንደማይተርፉ፣ ከዞብል ማዶ የሚመጣው አንበሳም ዘሩ እንደሚጠፋ ነገርኩት። ሚስቱን አየት አደረገና ቁርበቱን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ውሰጂው። ጣጣ ካመጣሽብን ግን ወላሂ፣ ኸዚህ ደጅ እንዳትደርሺ።»

«አብሽር፣ በኔ ይሁን» አልኩት።

ቁርበቱን አዝዬ ቆቦ ገባሁና አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሁሉንም አስረዳሁት፤ ጊደሯ ሳትሞት መታረዷንም ጭምር። እሱም ጣቶቹን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ከተተ። «አንበሳ ነው» አለ በመጨረሻ። መርዙ እንዲቆም ሊጽፍ ብዕሩን ካነሳ በኋላ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«ቆይ እስቲ፣ ሳትሞት ከታረደች ከአንበሳው በምን አስጣሏት?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩበትም ነበር። በጠመንጃ ነው ብል ፈታሾች ያን ቤት ያፈርሱታል፤ ዝም ብል መርዙ ይጣላል። ስንት ቀን ሙሉ እውነቱን ንገሩኝ እያልኩ መንደር ለመንደር የለመንኩት እኔው፣ ዓይኑን ትክ ብዬ አየሁት።

«በጩኸት» አልኩ።

«አንበሳን በጩኸት?»

«በጩኸት ነው፣ ጓድ።»

እሱም ገብቶታል፤ እኔም እንደገባው አውቄያለሁ። ደብዳቤውን ጽፎ ፈረመ። መርዙ ወደመጣበት ተመለሰ። ያን ውሸት ዛሬም ብጠየቅ እደግመዋለሁ።