ሞላሰስ የጠጣው በር

ኢስሐቅ የቮልሷን የግራ በር ለመብሳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሊበሳው ብሎ አይደለም፤ ዝገቱን ሊያነሳ ነበር። ቀለሙን ገፎ ጨርሶ ከበሩ ግርጌ እንደ ዛፍ ቅርፊት የተጋገረውን ዝገት በግራይንደር ሲነካው፣ ዲስኩ ድንገት ወደ ውስጥ ሰመጠ። ቀዳዳው ጣት ያስገባል።

ኢስሐቅ ይህን ማወቅ ነበረበት። ከወረባቦ መጥቶ ቦሌ ሚካኤል ጋራዥ ከገባ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ባትላሜራ ነው፣ የመኪና አካል ቀጥቃጭ። ዝገት ደግሞ አታላይ ነገር ነው። ወፍራም ሆኖ ሲታይ ከሥሩ ብዙ ብረት ያለ ይመስላል፤ ግን የሚወፍረው ከላሜራው እየበላ ነው። ያች ቮልስ በ1959 ዓ.ም. ስትሠራ ላሜራዋ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ዝገት ከዚያ ላይ ምን ያህል እንዳስተረፈ ከላይ አይቶ የሚያውቅ የለም። ግራይንደር ዝገቱንና ብረቱን አይለይም፤ ሁለቱንም ይልጣል።

የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ጎበና በማግስቱ መጡ። ቦሌ ለሚ አካባቢ ከብት የሚያደልቡ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው አወጡ።

“ያ ኢስሐቅ! እጠባት አልኩህ እንጂ ጆሮዋን ብሳት አልኩህ?”

አጠገባቸው የሌላ መኪና ኮፈን ከፍቶ የነበረው ኤሌክትሪሽያኑ አሌክስ ሳቁን መያዝ አቃተው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ጎበና” አለ ኢስሐቅ። “ላሜራ ቆርጬ እበይድበታለሁ፤ አይታወቅም።”

“እኔ አውቀዋለሁ። ክርኔን እዚህ በር ላይ አስደግፌ ነው ያረጀሁት። ይሄኛውስ ይሁን፣ በይደው። የቀኙ ከተበሳ ግን አስጎትቼ ሌላ ጋ እወስዳታለሁ። እወቀው።”

ኢስሐቅ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ መኪና ከእጁ ተጎትቶ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞም የሽማግሌውን ነገር ይረዳል። ቮልሷን የገዟት ስምንት ሰንጋ ሸጠው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት የፊት ወንበሯን አውጥተው ለቦሌ ሆቴሎች ወተት ሲያመላልሱባት ኖረዋል። ላሞቹ የጋጡበት መስክ ዛሬ ፎቅ ነው። የቀረችው እሷ ናት፤ እሷም በራሷ ብረት እንድትቀርላቸው ይፈልጋሉ።

መፍትሔው የተገኘው ጋሽ ጎበና ግቢ ውስጥ ነው። ኢስሐቅ አስቀምጠውት የነበረውን የፊት ወንበር ሊወስድ ሄዶ፣ ሽማግሌው ከሞላሰስ በርሜል ሥር በዱላ አንድ ሰንሰለት ጎትተው ሲያወጡ ደረሰ። ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ጥቁር፣ ወፍራም ዝቃጭ ነው፤ ድርቆሽ ላይ ተረጭቶ ለከብት ይሰጣል። ሰንሰለቱ ውሃ ሲፈስበት እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ወጣ። አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም።

“አዲስ ነው?” አለ ኢስሐቅ።

“ምን አዲስ! አባቴ በሬ ያስሩበት የነበረ ነው። በፋሲካ ሰሞን ወድቆብኝ ስፈልገው ከረምኩ።”

“ሲወድቅ ዝጎ ነበር?”

“እንደ በርበሬ ቀይ ነበር። ምነው አፈጠጥክበት?”

ኢስሐቅ ወንበሩን ረስቶ ሁለት ጀሪካን ሞላሰስ ይዞ ተመለሰ። መጀመሪያ የዛገ የበር ማጠፊያ በባልዲ ሞከረ። ንጹሑ ሞላሰስ ሰንሰለቱን ያጠራው በወራት ነበርና በጥቂት ቀን ብዙም አልሠራም። አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ሲያደርገው ግን ማጠፊያው በአሥር ቀን ተላጦ ወጣ። ነገሩ ሲገባው ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ሰው ባየ ቁጥር ያስረዳል፦ “ግራይንደር ይፍቃል፣ ይሄ ግን ዝገቱን መርጦ ያሟሟል! ጤነኛውን ብረት እምብዛም አይነካም። እጅ የማይገባበት ጓዳ ሁሉ ይገባል!”

ከዚያ የቀኙን በር መስታወቱንና እጀታውን ፈትቶ፣ አናቱን የቆረጠው አሮጌ የፕላስቲክ ሮቶ ውስጥ አጠለቀው። በሳምንቱ ፈሳሹ መፍላት፣ መሽተት ጀመረ። ንቡም መጣ።

“ኢስሐቅ በር እያደለበ ነው” ይላል አሌክስ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ። “ለገና ይታረዳል።”

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ አርብ ረፋድ ላይ፣ በሩን አውጥቶ ወደ ላቫጆ ወሰደው። የውሃው ግፊት ጥቁሩን ጭቃ ሲገፈው ግራጫ ብረት ብቅ አለ። ኢስሐቅ ከግርጌው አምፖል አብርቶ በሌላው ወገን ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ፈለገ። የለም። በጣቱ አንኳኳው፤ ሙሉ ድምፅ ሰጠ። ፀሐይ ላይ አቁሞት፣ እየፈገገ፣ ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ።

ሲመለስ አሌክስ ጋራዡ በር ላይ ጠበቀው።

“ኢስሐቅ፣ ብርቱካን ነው እንዴ የተከልከው?”

በሩ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካንማ ሆኗል። ራቁቱን የቀረ እርጥብ ብረት የሚከላከልለት ምንም ነገር የለም፤ አየር ሲያገኘው ወዲያው ይዝጋል። ስህተቱ ሞላሰሱ ላይ ሳይሆን በመታጠቡና በቀለሙ መካከል ባለፈው ሰዓት ላይ ነበር። ኢስሐቅ አምፖሉን እንደገና አበራ። ቀዳዳ የለም። ዝገቱ ገና ላዩን ብቻ ነው። በሩን መልሶ ሦስት ቀን አጠለቀው። ሰኞ ሲያወጣው አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር እየሠራ፣ ዝገት የሚከላከለው የአንቲረስት ቀለም ተበጥብጦ ይጠብቀው ነበር። አጥቦ፣ በአየር አድርቆ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀባው።

ጋሽ ጎበና መጥተው በሩን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከግርጌው ሲደርሱ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። አልገባም።

“ወለሉስ?” አሉ።

ኢስሐቅ ይህን ጥያቄ ሲፈራ ነው የቆየው። የሃያ ዓመት ወተት የፈሰሰው ወለሉ ላይ ነው፤ የባትሪው አሲድም ከኋላ ወንበር ሥር የተንጠባጠበው እዚያው ነው። ወለሉ ደግሞ ሮቶ ውስጥ አይገባም።

“ከበሩ የባሰ ነው፤ አላታልልዎትም” አለ።

“እኔ ጋ ቦታ አለ፣ ሞላሰስም አለ። ቆፍርና ሞክር። ከተበሳም አይቼው ይበሳ።”

አሁን ጋሽ ጎበና ግቢ፣ ከበረቱ ጀርባ፣ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ወፍራም ፕላስቲክ ተነጥፎበታል። የቮልስ ወለል ብሎኑ ሲፈታ ከአካሉ ይለያል፤ ስለዚህ ኢስሐቅ ለብቻው አውርዶ ጥቁሩ ፈሳሽ ውስጥ አስተኝቶታል። ጥጆቹ እንዳይልሱት በቆርቆሮ ተከድኗል። የሚወጣበት ቀንም ተቆርጧል፤ አርብ የኢስሐቅ መስጊድ፣ እሁድ የጋሽ ጎበና ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ማክሰኞ ይሆናል። ኮምፕረሰሩ ቀድሞ ይመጣል።

እስከዚያ ኢስሐቅ በየሦስት ቀኑ ይሄዳል። ቆርቆሮውን ያነሳና በሆዱ ይተኛል። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ ክርኑ ያጠልቃል፤ ባትሪው ከነበረበት ሥር ዝገቱ የሚያልቅበትንና ብረቱ የሚጀምርበትን ቦታ በጥፍሩ ይፈልጋል።