የማስታንጉ ፍሬንና የካማሮው ፍሬን

ዲቪ ደርሶኝ በወጣሁባት ምሽት ቦሌ ድረስ የሸኘኝ ታናሽ ወንድሜ ሄኖክ ነው፤ በገዛ ላዳዬ። አሥራ አራት ዓመት የነዳኋትን ታክሲ ለሱ አስረክቤ መሄዴ ነበር። ሙያውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ነፃ፣ አድርጎ ሞተር ማጥፋትን ጭምር። ቤንዚን ያተርፋላ።

ባለፈው ወር ላዳዋን ሸጦ ሚኒባስ ገዛ። እሰይ ብዬ ነበር። ይህን የምጽፈው ግን እሱንም፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር የምታጠፉ ሾፌሮችንም ልለምናችሁ ነው።

እዚህ ሎስ አንጀለስ የምኖረው ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ጓሮ ባለች ክፍል ተከራይቼ ነው። ሰውየው ሁለት መኪና አላቸው፤ በፈረንጅ የስልሳ ስድስት ማስታንግና የሰማንያ ሰባት ካማሮ። አንዱን ሊሸጡ ነው።

"ታክሲ ነድተሃል አይደል? ሁለቱንም ድራይቭ አድርግና የሚሻለውን ንገረኝ" አሉኝ። ለተከራይ ቁልፍ መስጠታቸው ገረመኝ።

በማስታንጉ ጀመርን። መሪው ክንድ ይፈልጋል፣ ፍሬኑም እግር ይፈልጋል፤ ልክ እንደ ላዳዬ። ከሆሊውድ በላይ ካለው ኮረብታ ስንወርድ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ፎሌ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁት።

"ተበላሸ?"

"አይ፣ ቤንዚን ልቆጥብልዎት ብዬ ነው።"

"ኦኬ። ቤንዚኑን ኪራይህ ላይ አልጨምርብህም እኮ።"

በሰላም ወረድን።

ካማሮው ሌላ ነው። ማርሹ ራሱ ይለዋወጣል፣ መሪው በአንድ ጣት ይዞራል፣ ፍሬኑ ጫማ ሲነካው ይይዛል። እዚያው ቁልቁለት ላይ ይሄንንም አጠፋሁታ። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ያዘ። ለቅቄ ደገምኩ፣ ጠነከረ። በሦስተኛው ድንጋይ ሆነ። መሪውም እምቢ አለ። ከታች ቀይ መብራት ላይ መኪና ተደርድሯል። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎትቼ፣ ሰው ደጃፍ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን ቆምን።

ሚስተር ዋልተር ከፊታቸው ቅጠል እያነሱ፣ "ማስታንጉ የሚቆመው በእግርህ ጉልበት ነው" አሉኝ። "የዚህኛው ፍሬን ግን ጉልበት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተሩን ስታጠፋ ፍሬኑንም ገደልከው። ዛሬ ያለው መኪና ሁሉ እንደዚሁ ነው።"

ሁሉ? የሄኖክ ሚኒባስስ? ሶሪ እንኳን ሳልላቸው ስልኬን አወጣሁ። እኛ ጋ ጠዋት ነው፤ እነሱ ጋ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት።

አነሳው። ተሳፋሪዎቹ ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የሞተር ድምፅ ግን የለም።

"ሄኖክ፣ ሞተር አስነሳ። አሁኑኑ።"

"ምነው ጋሼ? ቁልቁለት ላይ ነኝ እኮ።"

"ፍሬን አትደጋግም፣ አንዴ ረግጠህ ያዝ። አስነሳ ስልህ!"

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ስደውል ተቆጣኝ። "ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ቤንዚን ስንት እንደገባ አሜሪካ ሆነህ አይገባህም።" ቃል ግባልኝ አልኩት። "እሺ ጋሼ" አለኝ። የሱን እሺ አውቀዋለሁ፤ እኔም አባታችንን እንደዚያ ነበር የምለው።

አሁን ሳልደውልለት ሥራ አልገባም። ስለ እናታችን፣ ስለ ልጆቹ ያወራልኛል። አልሰማውም። የማዳምጠው ሞተሩን ነው።